የትም ትሄዳለች

አያ አላምረው ከቤታችን በታች፣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ወይራ ሥር፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚውሉት። ሽቅብ የሚወጣው መንገድ ቁስቋም ማርያም ያደርሳል፤ ቁልቁል የሚወርደው ከተማ ይገባል። መንገዱ ሁለት ስለሆነ መልሱም ከሁለት አይበልጥም፤ እሳቸው ግን የሚያልፈውን ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ አያሳልፉም ነበር። ቄስ ይጠይቃሉ፣ አህያ ነጂ ይጠይቃሉ፤ አንድ ቀን የጣልያን ወታደር ቢጠይቁ ወታደሩ ደንግጦ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ሰፈሩ ይህን ልማዳቸውን ይወድላቸዋል። እኔ ግን አልወደውም ነበር፤ ምክንያትም ነበረኝ።

ምክንያቴ የእህቴ ልጅ አበቡ ናት። ታናሽ እህቴ ባንቺአየሁ አበቡን በሁለት እጇ ታቅፋ፣ ከራስ እስከ እግሯ በነጠላ ሸፍና በዚያ ስታልፍ አያ አላምረው «ባንቺአየሁ፣ ወዴት ትሄጃለሽ?» ይሏታል። ትሄጃለሽ። የታቀፈችው ልጇን እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ፣ አገሩም ያውቃል። ግን እንጨት ተሸክሞ የሚያልፍን ሰው እንጨቱን ጨምሮ ወዴት ትሄዳላችሁ የሚል የለም። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ያላዩ መምሰላቸው እንዲያውም ከደግነት ነው። ቢሆንም ያንገበግበኝ ነበር። እኔ በትንሽ ነገር እናደዳለሁ። ባሌ በዚህ ነው የፈታኋት ይላል፤ እኔ ደግሞ የፈታሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ያኔ አበቡ አምስት ዓመት አልፏት ነበር። ስትወለድ ምጡ ጠንቶ፣ አዋላጆቹ ተስፋ ቆርጠው፣ በመጨረሻ ስትወጣም ድምፅ ሳታሰማ ብዙ ቆይታለች። ስታለቅስ ጊዜ ተረፈች ብለን እልል አልን። የቀረው የገባን ቀስ በቀስ ነው። አንገቷ አልጠና አለ፤ እጆቿ ተጨብጠው ቀሩ፤ እግሮቿ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠላልፈው እንደ መቀስ ገጠሙ። በር በድንገት ከተዘጋ ወይም ውሻ ከጮኸ መላ ሰውነቷ ግትር ይላል፤ እግሮቿ ይበልጥ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ሕመሙ ይመጣል፣ ለቅሶውም ይከተላል። ገላዋን ስናጥባት እህቴ አንዱን ጉልበት ትይዛለች፣ እኔ ሌላውን እይዛለሁ። ሁለት ጎልማሳ ሴቶች የአንዲት ሕፃን ጭን ጣት የሚያስገባ ያህል መክፈት ያቅተን ነበር። በጭኖቿ መካከል ቁስል ጠፍቶ አያውቅም። ጠበል ወስደናታል። ወጌሻ በቅቤ አሽቷታል፤ ያን ቀን የጮኸችውን ጩኸት አሁንም ሳስበው ወጌሻውን ፈልጌ መሳደብ ያምረኛል።

እንዲህ ስላችሁ አበቡ የምታሳዝን ብቻ እንዳትመስላችሁ። አባቷ መሪጌታ ሐብተ ማርያም የቁስቋም ድጓ መምህር ናቸው። ቤት ሆነው ዜማ ሲያስታውሱ አንዳንዴ ድምፃቸው ይሰናከላል። ያን ጊዜ አበቡ ትስቃለች፤ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ፣ ምራቋ ባገጯ እየወረደ። ሳይስቱ ሲያዜሙ ግን ጭጭ ብላ ታዳምጣለች። መሪጌታ «ይህችስ ከደቀ መዛሙርቴ ሁሉ ትበልጣለች» ሲሉ እኔ «ደፋሯም እሷ ብቻ ናት» እላቸዋለሁ። ቃል አትናገርም፤ ሳቋ ግን ብዙ ነገር ነበር።

ከቤታችን ምሰሶ ላይ አንድ አንቀልባ ተሰቅሎ ነበር። ባንቺአየሁ እርጉዝ ሳለች እናታችን ያሠራችላት ነው፤ ለስላሳ ቆዳ፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል የተሰፋበት። ልጅ የሚታዘለው እግሩን ከፍቶ የእናቱን ወገብ ሲያቅፍ ነው። የአበቡ እግር አልከፈት ስላለ አንቀልባው አንድ ቀን እንኳ ሳያዝል ቀረ። ጎረቤታችን በወለደች ጊዜ «ቆዳው ሳይደርቅ ለሷ እንስጣት» ብዬ ከተሰቀለበት አወረድኩት። ባንቺአየሁ ከእጄ ነጥቃ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ ወዲያ ስለ አንቀልባው አንሥተን አናውቅም።

ልጅ ደግሞ ያድጋል። አጥንቷ ቢቆጠርም አበቡ ቁመት ጨመረች፤ ያ ሁሉ ቁመት ግትር ሲል በእጅ ታቅፎ ዳገት መውጣት የማይቻል ሆነ። መጀመሪያ ቁስቋም መሄድ ቀረ። ከዚያ ዘመድ ጥየቃው ቀረ። በመጨረሻ ልጅቱ መደብ ላይ ተኝታ ሰማዩን በበሩ በኩል ብቻ የምታይ ሆነች። ባንቺአየሁም እሷን ትታ የትም አትሄድምና አብራ ታሰረች።

ጣልያን ጎንደር በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የባንቺአየሁ ቀኝ ትከሻ ታመመ። እጇን እስከ ራሷ ማንሣት አቃታት። ጣልያኖቹ ከተማ ውስጥ ሐኪም ቤት ከፍተው ነበር፤ አገሬውንም ያያሉ ይባላል። መሪጌታ ነገሩን አልወደዱትም። ታናሽ ወንድማቸው በወገራ በኩል ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቷል፤ የጣልያንን ደጅ መርገጥ ወንድምን መክዳት መሰላቸው። ባንቺአየሁ «ትከሻዬን ላሳይ እንጂ ልገብርለት አይደለም» ብላ ተነሣች። አበቡ ከእናቷ ስትለይ ስለምታለቅስ በተራ እየታቀፍናት ሄድን።

ሐኪሙ ጠና ያለ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። አስተርጓሚው በላቸው ይባላል፤ አስመራ ያደገ የጎንደር ልጅ፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ። ገና ሳየው ባንዳ ብዬ ጠላሁት። ሐኪሙ የእህቴን ትከሻ ነካ ነካ አደረገና «ይህ የሸክም ነው» አለ። ከዚያ ሸክሙን ሊያይ ነጠላውን ከአበቡ ላይ ገለጠ።

ይህን ሰው ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ግን አልቸኮለም። ወጌሻው ይጎትት ነበር፤ ይህ ጉልበቷን ይዞ ዝም ብሎ ጠበቀ። ግትር ስትል ይተዋል፣ ስትላላ ጥቂት ይገፋል። አውራ ጣቱን ብሽሽቷ ላይ አሳርፎ ጅማቱን አሳየን፤ ከቆዳዋ ሥር እንደ ክራር አውታር ተወጥሮ ነበር። ስንት ዓመት እግሯን ስንታገል ያን ጅማት አይቼው አላውቅም።

«ሕመሙ ከራሷ ነው ይላል» አለ በላቸው። «ስትወለድ አንጎሏ ተጎድቷል፤ እሱን የሚያድን የለም ይላል። እግሯን የሚስበው ግን ይህ ጅማት ነው። አደንዝዞ፣ ጅማቱን ቆርጦ ያላላዋል። ሕመሙ ይቀንሳል፤ ለማጠብም ይቀላል።»

ባንቺአየሁ ይህን ሁሉ በጆሮዋ ሰማች፤ ልቧ ግን ሌላ ነገር ይጠብቅ ነበር።

«ትሄዳለች?» አለች።

በላቸው ወደ ሐኪሙ ዞሮ ጠየቀ። ሐኪሙ የእህቴን ትከሻ አየ፣ አበቡን አየ፣ እጁን ወደ በሩና ከበሩ ውጭ ወዳለው ሜዳ እየዘረጋ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ደጅ ላይ በሽተኛ ተሰልፎ ይጋፋል፤ አንዱ ወታደር ይቆጣል። በላቸው ያን ሁሉ ንግግር በሁለት ቃል ጨረሰው።

«የትም ትሄዳለች።»

ከዚያ በኋላ እህቴ ትከሻዋ ታሞ እንደመጣችም ረሳች። ስንመለስ ቤት አልገባችም፤ ዳገቱን ወጥታ የቁስቋም ቅጥር በር ላይ ቆመች። እኔም አበቡን ታቅፌ እያለከለክሁ አብሬ ወጣሁ። «እመቤቴ፣ ልጄ ትሂድልኝ እንጂ፣ ለኅዳር ቁስቋም ደጅሽን ትሳለማለች» ብላ ተሳለች። አጠገቧ ነበርኩና ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

ቤት ስንደርስ ነገሩ ለመሪጌታ ተነገራቸው።

«ወንድሜ ጥልያንን ሲወጋ እኔ ልጄን ለጥልያን ቢላ ላቅርብ?» አሉ።

«ወንድምዎ በእግሩ ነው ዱር የገባ» አለች ባንቺአየሁ። «እኔም ለልጄ እግር ነው የምፈልግላት።»

እህቴ ባሏን እንዲህ ተናግራ አታውቅም። መሪጌታም አልተቆጡም፤ ይልቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በውኑ ትሄዳለች ብሏል?»

«የትም ትሄዳለች ነው ያለ። እታለምም ሰምታለች።»

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ። «ብሏል» አልኩ። ብሏልና።

ቀዶ ጥገናው የሆነው መስቀል ከዋለ በኋላ ነው። ወደ ውስጥ አላስገቡንም። ከበሩ ሥር ራስ የሚያዞር ሽታ ይወጣል፤ የሚያስተኛት መድኃኒት ነው አሉን። ባንቺአየሁ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠች። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ውዳሴ ማርያም ይደግማሉ። በመካከል አንድ ማኪና እየከነፈ ገብቶ የቆሰሉ ጣልያኖች አወረደ፤ የቆሰሉት በወገራ መንገድ ነው ተባለ። መሪጌታ መድገሙን አቆሙ። የተኮሰው ወንድማቸው ሊሆን ይችላል፤ ልጃቸው ደግሞ ከበሩ ወዲያ እነዚህን ሰዎች በሚያክመው ሐኪም እጅ ናት። ምን ብለው እንደሚጸልዩ ግራ ሲገባቸው አየሁ። እኔም ግራ ገባኝ፤ ሐኪሙ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ግን ለመንኩ። እግዚአብሔር የፈለገውን ያድርግ፣ የዚያን ቀን ጸሎቴ ለጣልያን ነበር።

አበቡ ስትወጣ እግሮቿ ተከፍተው፣ ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በጀሶ ታሽገው፣ በሁለቱ መካከል አጭር እንጨት ገብቶ ነበር። ጀሶ የሚባል ነገር ያን ቀን አወቅን። ቃሬዛ ላይ አድርገን ቤት ስናደርሳት በበሩ አልገባ አለች፤ አግድም አድርገን፣ ከዚያ አዘንብለን፣ እኔ እየተሳደብኩ፣ መሪጌታ «ቀስ፣ ቀስ» እያሉ አስገባናት። መጀመሪያ ጥቂት ቀን አለቀሰች። ከዚያ ግን ለቅሶው እየቀነሰ ሄደ፤ በር ሲዘጋ ትደነግጣለች እንጂ እንደ ድሮው ተጨማድዳ አትጮህም። እኔ ይህን አይቼ ደስ አለኝ። ባንቺአየሁ ግን የምታየው ጀሶው የሚወልቅበትን ቀን ብቻ ነበር።

መሪጌታም ተስፋው ተጋባባቸው። ከወይራ እንጨት ትንሽ መቋሚያ መጥረብ ጀመሩ፤ ካህናት በማሕሌት የሚደገፉባትን ዓይነት፣ ግን ለአበቡ ቁመት ልክ። በጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲልጓት «መጀመሪያ ሰሞን መደገፊያ ትሻለች» ይሉ ነበር። ልጅቷን አይተው ቁመቷን በዓይናቸው ይለካሉ። እኔ ምንም አላልኩም። የተባለው ተብሏል፤ ሰምቻለሁ።

ኅዳር ሲገባ ጀሶውን ሊያወልቁላት ወሰድናት። ሐኪሙ በትንሽ መጋዝ እየሰነጠቀ አወለቀው። የአበቡ እግሮች ቀጭን፣ በነጭ አቧራ የተለወሱ፣ አልጋው ላይ ተራርቀው ተጋደሙ። ሐኪሙ ባንድ እጁ፣ ባንድ እጁ ብቻ፣ ጉልበቷን ወደ ጎን ገፋ አደረገው፤ ጭኗ ተከፈተ። አበቡ አላለቀሰችም። ብሽሽቷ ላይ በግራም በቀኝም ጣት የማታህል ጠባሳ አለች። ያ ሁሉ ዓመት ከዚያች ትንሽ ቦታ ጋር ነበር ስንታገል የኖርነው።

ባንቺአየሁ ጠባሳውን አላየችም። «መቼ ትሄዳለች?» አለች።

በላቸው ጠየቀ። ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ አጭር መልስ ሰጠ።

«አሁኑኑ ትሄዳለች ይላል» አለ በላቸው። «ምንም የሚያቆያት የለም።»

እህቴ ልጇን ከአልጋው አነሣች። እግሮቿን ወለሉ ላይ አሳረፈች፣ ቀና አድርጋ አቆመቻትና እጇን ለቀቀች።

አበቡ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጣጥፋ ወደቀች። ሐኪሙ ተወርውሮ ተንበርክኮ ራሷ ወለሉን ሳይመታ ያዛት። ልጅቱ በድንጋጤ ጮኸች፤ ሐኪሙም በራሱ ቋንቋ ጮኸ።

«ምን ነክቷት ነው፣ አበደች ወይ ይላል!» አለ በላቸው፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ትሄዳለች አላልህም?» አለች ባንቺአየሁ። «አሁኑኑ ትሄዳለች አላልህም?»

«ወደ ቤቷ ትሄዳለች ማለቴ ነው እንጂ! መቼ ትወጣለች ያልሽ መስሎኝ…»

«ፊትስ? የትም ትሄዳለች ያልኸው?»

በላቸው ነገሩ የዚያን ጊዜ ገባው፤ እኔም የዚያን ጊዜ ገባኝ። «ይዘሻት የትም ትሄጃለሽ ነበር ያለው» አለ በቀስታ። «ሰው ተሰልፎ ነበር… አሳጠርሁት።» በጣልያንኛ በእግር መሄድ ለብቻው ቃል አለው፣ እንዲሁ መሄድም ለብቻው ቃል አለው አለ። በኛ ሁለቱም መሄድ ነው። እህቴ የጠየቀችው አንደኛውን፣ እሱ ያደረሰው ሁለተኛውን።

በጥፊ ልለው ክንዴን አንሥቼ ነበር። እሱ ግን በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው ወለሉ ላይ ከእህቴ ጎን ቁጢጥ አለና ሐኪሙን እንደገና ጠየቀው። ሐኪሙ ንዴቱ በርዶ፣ እህቴን እያየ፣ ቀስ ብሎ መለሰ። በላቸው አሁን አንዲት ቃል ሳያጎድል ተረጎመ። «በእግሯ አትሄድም። ወደፊትም በእግሯ አትሄድም። ይህን መደበቅ አልፈለግሁም፤ ገና አሁን በመስማትሽ አዝናለሁ። እኔ የቻልሁት ሕመሟን ማቅለልና እግሯን መክፈት ነው። ይህን ነው ያለው፣ እቴ። የኔን ስሕተት ይቅር በይኝ።»

ባንቺአየሁ አበቡን አቀፈች፣ ከራስ እስከ እግሯ በነጠላ ሸፈነቻትና ወጣች።

ቀሃ ወንዝ እስክንደርስ ላግዝሽ ብላትም አልሰጥ አለችኝ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱ ሲጀምር ትከሻዋ ከዳት። ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። «በቃኝ» አለች። «እመብርሃን አታላኛለች እንዳልል እፈራለሁ። በቃኝ፣ እታለም።»

እኔ በጣም ተናድጄ ነበር። በበላቸው፣ በሐኪሙ፣ በጣልያንኛ፣ ባማርኛም ጭምር። ደግሞ ፀሐዩ ይጠብሳል፣ ቤታችን ሩቅ ነው። «አምጫት ወዲህ!» ብዬ ልጅቱን ተቀበልኳትና ምንም ሳላስብ፣ ማንም ሴት ማንንም ልጅ እንደምታዝል፣ ጎንበስ ብዬ ጀርባዬ ላይ አወጣኋት። ነጠላዬን ከላይ አጥብቄ ቋጠርኩና ዳገቱን ያዝኩት።

ጥቂት እንደተራመድኩ ነው የታወቀኝ። በግራ ጎኔ አንድ ጉልበት አለ። በቀኝ ጎኔም አንድ ጉልበት አለ። ቆምኩ። በእጄ ዳሰስኳቸው። ተለያይተው፣ ወገቤን አቅፈው ነበር። አንገቷ አሁንም አልጠናምና ጉንጯ ማጅራቴ ላይ ተኝቷል፤ ትንፋሿ ይሞቃል።

«ባንቺአየሁ» አልኩ።

«ምንድን ነው?»

«ጉልበቷን እይ።»

እህቴ ከድንጋዩ ተነሥታ መጣች። በአንድ ጎኔ አየች፣ ዞራ በሌላው ጎኔ አየች። ከዚያ ጀርባዋን ወደኔ ሰጥታ ጎንበስ አለች። እውነቱን ልናገርና፣ ልሰጣት አልፈለግኩም ነበር፤ ያ ሙቀት ከጀርባዬ ሲለይ ብርድ ተሰማኝ። አበቡን አሳዘልኳት፣ ነጠላውንም እኔው ቋጠርኩላት። ባንቺአየሁ ቀና ስትል ሁለት እጆቿ ባዶ ሆኑ። አየቻቸው። የት እንደምታደርጋቸው ጠፋባት፤ አንዴ ታወዛውዛቸዋለች፣ አንዴ ታጣምራቸዋለች። እንደዚያ ሆና ቤታችን ደረስን። አያ አላምረው ጉንፋን ይዟቸው በዚያ ሰሞን ከድንጋያቸው ላይ አልነበሩም።

ግን ደስታው ሙሉ አልሆነም። መሪጌታ ልጃቸውን በሚስታቸው ጀርባ ላይ ሲያዩ እጃቸው ላይ መቋሚያዋን ይዘው ነበር፤ ልገው ጨርሰዋታል። ነገሩ ሲነገራቸው ቁጭ አሉ። የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። እኔ ቀሚሴን አጥቤ አሰጣሁ፤ ባንቺአየሁ ግን ምንም አላሰናዳችም።

«አልሄድም» አለች። «ስለቴ አልሰመረም። እመቤቴ ያልሰጠችኝን ሰጠሽኝ ብዬ በምን ዓይኔ ደጇ እቆማለሁ?»

መሪጌታ መቋሚያዋን በጣታቸው እያሻሹ «ምን ብለሽ ነበር የተሳልሽ?» አሉ። «ቃሉን ንገሪኝ።»

«‹ልጄ ትሂድልኝ እንጂ፣ ለኅዳር ቁስቋም ደጅሽን ትሳለማለች› ነዋ ያልሁ።»

«በእግሯ ብለሻል?»

ባንቺአየሁ አሰበች። ወደኔ ተመለከተች።

«አላለችም» አልኩ። «አጠገቧ ነበርሁ። በእግሯ የምትል ቃል ካፏ አልወጣችም።»

«እንግዲያማ» አሉ መሪጌታ፣ «ነገ ትሄዳለች።»

ምስኪን መሪጌታ፣ የስለቱን ቃል ሲመረምሩ ዕንባቸውን ዋጥ አድርገው ነው። እግር ይመኙላት እንደነበር ትንሿ መቋሚያ ትመሰክራለች። ባንቺአየሁም ወዲያው አልተጽናናችም፤ ፊቷን አዙራ ብዙ አለቀሰች። ስታበቃ ግን ተነሥታ አንቀልባውን ከምሰሶው አወረደችና ጭኔ ላይ ጣለችው። ቆዳው ደርቆ እንደ ቅርፊት ይንኮሻኮሻል። «ሳይደርቅ እንስጠው ብዬ አልነበር?» አልኩ፤ ነገር ካልተናገርኩ ማልቀሴ ነበርና። ቅቤ ቀብቼ እስኪለሰልስ አሸሁት፤ ለቁመቷ እንዲበቃም ማሰሪያውን በሌላ ጠፍር ቀጠልኩበት።

በማግስቱ መሪጌታ ለማሕሌት ቀድመው ወጥተዋል። የራሳቸውን መቋሚያ ትተው ትንሿን ይዘው እንደሄዱ ያወቅሁት በሩን ስዘጋ ነው፤ የሳቸው ከደጃፉ ቆማለች። ባንቺአየሁ አበቡን አዝላ ቀድማኝ ነበር። የልጅቱን ፊት አልሸፈነችም፤ ራሷ እንዳይወድቅ ብቻ በነጠላ ደገፍ አድርጋታለች። መንገዱ ገና ሰው አልበዛበትም። አያ አላምረው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እየሳሉ፣ ድንጋያቸው ላይ ተመልሰዋል።

«ባንቺአየሁ!» ሲሉ ከሩቅ ሰማሁ። ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁና ገና ከአሁኑ ደሜ ፈላ።

ግን ቀና ብለው ሲያዩ በእህቴ ትከሻ በኩል አበቡ ታያቸዋለች፤ ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፣ ምራቋ የእናቷን ነጠላ አርሶታል። አያ አላምረው ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«ወዴት እየሄዳችሁ ነው?»

እህቴ ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ የደረስኩባት መስሏት ወደ ኋላዋ ዞረች። እኔ ገና ሩቅ ነበርኩ፤ በመካከላችን ማንም አልነበረም።

«ምነው?» አሉ አያ አላምረው ዝምታዋ አስደንግጧቸው። «ክፉ ተናገርሁ?»

«ኧረ የለም፣ አያ አላምረው» አለች። «ሸጋ ነው የተናገሩት።» ከዚያ አንገቷን ወደ ትከሻዋ አዘንብላ «አበቡ፣ ይጠይቁሻል እኮ። ወዴት እንሄዳለን? ንገሪያቸው» አለች።

ከላይ፣ ከቁስቋም፣ የማሕሌቱ ዜማ ይሰማ ነበር። መሪጌታ ሳይስቱ አልቀሩም፤ አበቡ ያን ቤት የሚሞላ ሳቋን በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ለቀቀችው። አያ አላምረውም ሳቁ፣ ሳላቸው እስኪያንቃቸው። እህቴም ስቃ፣ ዛጎሎቹን እያንሿሿች ዳገቱን ተያያዘችው።

እኔ ስደርስ ፊቴ በዕንባ ርሶ ነበር፤ ልጠርገው አልሞከርኩም። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ዘነበወርቅ፣ አንችስ ወዴት ትሄጃለሽ?»

ወትሮ ሳልቆም የማልፋቸው እኔ፣ ቆምኩላቸው።

«ከእነሱ ጋር ነኝ፣ አያ አላምረው» አልኳቸው። «እየሄድን ነው።»